ጦም አዳሪ

እኔ ነጥብ ጸሐፊ ነኝ፤ ተኩስ አልሆነልኝም፣
ዓይኔ ቁጥር እንጂ ኢላማ አይዝልኝም።
በዡራ ተራራ ግርጌ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣
አንዲት የሳንቃ ዳስ አለች፣ ከጥዶቹ ጥግ ዳር፤
ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባሩድ ባሩድ ትሸታለች፣
የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ሲያልፍ ብቻ ዝም ትላለች።

ኦሬል ፔሬኑ ይመጣል፤ ሰማንያ አንድ ደፍኗል፣
አርባውን ዓመት ሰዓት ፈቶ ሰዓት ገጥሟል።
አጉሊ መነጽሩ ዛሬም ግንባሩ ላይ ናት፤
«ቀባሪዎቼ ያውልቋት» ይላል፣ «እስከዚያ ተዉአት።»

ሰባት ሽጉጥ አለው፤ በዕድሜ ሁሉም ያስከነዱታል፤
ፖሊስ በቁጥር ይለያቸዋል፣
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በቃታቸው ድምፅ ያውቃቸዋል።
አንዷ የሊዬዥ ልጅ ናት፣ እጀታዋ የአጋዘን ቀንድ፣
አንዷ የቪየና፣ ስትተኩስ የምታነሳ ክንድ።
አንድ ቀን አንዷን ፈታታና፣ «እይ፣ እዚህ ጋ» አለኝ፣
«ከእጀታዋ ልባስ ሥር፣
ማንም የማያየውን እንኳ ሞርዶታል ሠሪው።
ለማን ብሎ ነው?»
መልስ አልጠበቀም። ያኔ ነው ይህን ሰው የወደድኩት።

ሰባተኛዋ ግን ሌላ ናት፦
ከላ ብሬቪን በሐራጅ የገዛት፣ ከሟች ዣንዳርም ቤት፣
ስድስት ጎራሽ፣ የበርን ሥራ፣ ጥቁር ሰማያዊ ብረት።
ያን ሌሊት ከበሮዋን ነቅሎ ከመብራት ሥር ቢያዞር፣
አምስቱ አፏ ባሩድ የበላው፣ ጠባሳ የጠገበ፣
ስድስተኛው ግን እንደ ሕፃን ድድ፣
ምንም ያልጎረሰ፣ ምንም ያልነከሰ።
ዣንዳርሙ ብልህ ነበር፤ ፈረሱ ቢደናቀፍ፣
መዶሻው ጥይት ላይ እንዳይወድቅ ያስቀረለት አንድ ባዶ አፍ።
ጦም አዳሪ መሬት እንዳለ፣ ጦም አዳሪ ጎራሽ፤
መቶ ዓመት የከረመ፣ ያላገኘ አጉራሽ።

ኦሬልም አላጎረሳትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ
በአምስት ጥይት ከባለ ስድስቶቹ ይወዳደራል፤ ሰዎች ይስቃሉ።
በመዝገቤ፣ በስሙ ትይዩ፣ በስድስተኛው ሣጥን
ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፤
እጄ ሳላዘው የሚያሰምረው።
አንዴ አርባ ዘጠኝ አመጣ፣
ከሃምሳ። መጨረሻ ወጣ።

ዘንድሮ በመከር እጁ ተንቀጠቀጠ።
አንድ ሳንቲም ይሸፍናቸው የነበሩ ቀዳዳዎች
ወረቀቱ ላይ እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ተበተኑ።
አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ነጥቡን አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ማዬል ዣካርን ጠራት፤
የሰዓት ፋብሪካ ተለማማጅ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ጥፍሯ ሥር ዘይት።
«ያዢያት» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።
እሷም አጎረሰች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣
ስድስት።
ሊከለክላት እጁን አነሳት፣
መልሶ ግን ኪሱ ከተታት።

ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥር።
ከዚያ የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር።
ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ እጇን አጣምራ ቆመች።
ፉርጎ በፉርጎ ላይ፤ ያን ቀን ያለፈውን ያህል ረጅም ባቡር
በዚያ ሐዲድ ላይ አይቼ አላውቅም።
ኦሬል ግን ወደ ባቡሩ አልዞረም፣
አፈሙዟን ያይ ነበር።

ተኮሰች። ድምፁ እንደ አምስቱ ነው፤
ሰማይ አልተቀደደ፣ ከጥዱ በረዶ አልረገፈ።
«ስንት?»
«ሰባት፤ ወደ ግራ፣ ዝቅ ብላ።»
«ጻፋታ!»
ብዕሬ ሰረዙ ቦታ ሲደርስ
ለአፍታ መንገድ ጠፋው።

በሌላው ቅዳሜ ሳጥኑን ሲከፍት፣ «አጸዳሃት?» አልኩት፤
ያደረ ባሩድ ብረት እንደሚበላ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።
«አምስቱን» አለ፣ «አምስቱን ወለወልኳቸው።
ስድስተኛዋን ግን ከነባሩዷ አሳደርኳት።
መቶ ዓመት ጦማ፣
ገና አሁን ብትቀምስ፣
እንዴት ብዬ ወዲያው አፏን ልጥረግባት?»